ድንጋዩና መዝገቡ
በአንድ የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስላሉ የቤተሰብ ሐውልቶችና ስለ ባላባት ዘር ቆጠራ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ እንዳከራከረን ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው «እድሩ ለሟች ቤተሰብ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ለሐውልት ማሠሪያ የሚሆን ይጨመር ወይስ አይጨመር?» የሚል ነበር። ግማሾቻችን «ሰው ሞቶ ስሙ በድንጋይ ላይ ካልተጻፈ ምን ቀረው?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ድንጋይ ለሟች ምን ያደርግለታል፤ ለልጆቹ እህል ይሸመትበት» አልን። ነገሩ ሳይቋጭ መሸና ተበተንን። የእድሩን መዝገብ የምንይዘው ሰዎች በዚህ ጉዳይ አንድ ነገር አዘጋጅተን እንድናቀርብ ስለ ታዘዝን፣ የጎረቤትን መቃብር በስም እያነሣን ከመከራከር ይልቅ ራቅ ብለን የሌላ አገር ሰው ያደረገውን ብናይ ይሻላል አልን። እንዲህ ከሆነ ማንም ቅር አይለውም።

እንግዲህ የምንሄደው ወደ እንግሊዝ አገር ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

ከለንደን ወደ ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ስዊንደን የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ ዳር ሰፊ መናፈሻ አለ፤ በመናፈሻው ውስጥ አንድ ትልቅ የባላባት ቤት ቆሟል፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። ቦታው ሊዲያርድ ትሪጎዝ ይባላል። ቤተ ክርስቲያኗ የቅድስት ማርያም አጥቢያ ናት። ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። ከውስጥ ግን የምእመናኑ ቤት ከመምሰል ይልቅ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ቤት ትመስላለች። በየግድግዳው፣ በየጥጉ፣ በመቅደሱ አጠገብ ሳይቀር ሐውልት ነው። በእብነ በረድ የተጋደመ አለ፣ የተንበረከከ አለ፣ የተቀመጠ አለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመም አለ። ሁሉም ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው።

የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ በድሮው ሥርዓት የአገሩ ርስተ ጉልት ባለቤት የሆነው ሰው ብዙ ጊዜ ቄሱን የመምረጥ መብት ነበረው። ሕዝቡ በደጅ ሲቀበር እሱና ቤተሰቡ በውስጥ፣ ያውም ወደ መቅደሱ በተጠጋው ስፍራ ይቀበሩ ነበር። ስለዚህ ገበሬው በየእሑዱ ለጸሎት ሲመጣ የሚያየው መሠዊያውን ብቻ አልነበረም፤ የጌታውን አባትና አያትም ያይ ነበር።

የዚህ ቤተሰብ ስም አንድ ነገር አለው። በጽሑፍ ሲታይ «ቅዱስ ዮሐንስ» ማለት ነው፤ ሲነበብ ግን እነሱ «ሲንጅን» ይሉታል። እኛም ሲንጅን እንበላቸው። በቤተ ክርስቲያኗ ምሥራቃዊ መስኮት ላይ በመስታወት የተሣሉት መጥምቁ ዮሐንስና ወንጌላዊው ዮሐንስ ናቸው። በመካከላቸው የወይራ ዛፍ ቆሟል፤ ከቅርንጫፎቹም የቤተሰብ ጋሻዎች ተንጠልጥለዋል። ወይራው ለምን መጣ ቢባል፣ በዚህ ቤት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፈው ስም ኦሊቨር ነው፤ ኦሊቭ ደግሞ ወይራ ማለት ነው። እንግዲህ ቅዱሳኑም ዛፉም የተመረጡት የባለቤቶቹን ስም እንዲጠሩ ነው። ይህን ክፋት አንለውም፤ ግን ልብ በሉት።

አሁን ወደ ዘሩ እንግባ። ቤተሰቡ ቦታውን ያገኘው በሴት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ማርጋሬት ቢቻም የምትባል ወራሽ ኦሊቨር ሲንጅን የሚባለውን ሰው አገባች፤ ወለደችለት። እሱ ሲሞት ጆን ቦፈርት የሚባለውን የሶመርሴት መስፍን አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ይህች ልጅ በእናቷ ስም ማርጋሬት ተባለች። እሷም በተራዋ በ1457 አንድ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ በ1485 በጦር ሜዳ አሸንፎ ሄንሪ ሰባተኛ ተብሎ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። እንግዲህ ቁጠሩት፦ የንጉሡ እናትና የሲንጅን ልጆች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሲንጅን ቤት ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አልረሳውም። ለነገሩ እናንተስ ብትሆኑ ትረሱት ነበር?

ይህ ዝምድና እውነት ነው፤ ማንም አላስተባበለውም። ግን አስተውሉ፣ ርስቱም የንጉሥ ዘመድነቱም የመጣው በማርጋሬት ነው። በወንዶቹ በኩል ብቻ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ የሚያኮራው ነገር ሁሉ ይቀር ነበር።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀው ድንጋይ አይደለም፤ የእንጨት ሳንቃ ነው። እኛ አገር መዝጊያ ያለው፣ ሲከፍቱት ሥዕል የሚወጣው ሥዕለ አድኅኖ አለ አይደል? የዚህም ነገር ሐሳቡ እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ትልቅ መሆኑና ውስጡ ያሉት ቅዱሳን አለመሆናቸው ነው። መዝጊያዎቹ ሲዘጉ የሚታየው የዘር ሐረግና የጋሻ ምልክት ነው፤ ማን ማንን ወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ የየትኛው ቤት ጋሻ ከየትኛው ጋር ተጣመረ። ሲከፈቱ ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ ይወጣል። በመካከል በ1594 የሞተው ሰር ጆንና በ1598 የሞተችው ሚስቱ ሉሲ ሀንገርፎርድ በሬሣ ሣጥን ላይ ተንበርክከዋል። በአንድ ወገን ወንድ ልጃቸው፣ እሱም ጆን የተባለው፣ ከሚስቱ ከአን ሌይተን ጋር ቆሟል። በሌላው ወገን ስድስት እኅቶቹ በወግ ተሰልፈዋል። ይህን በ1615 ያሠራው ልጅየው ነው።

ሐረጉን የጻፈውስ ማነው? ሰር ሪቻርድ ሴይንት ጆርጅ የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው በንጉሡ ሹመት የባላባቶችን ዘርና ጋሻ የሚመዘግብና የሚያጣራ ሹም ነበር። እንግሊዞች እንዲህ ያሉ ሹሞች የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ከ1484 ጀምሮ አላቸው፤ ዛሬም ለንደን ውስጥ አለ። ከ1530 ጀምሮ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ድረስ እነዚህ ሹሞች የንጉሥ ደብዳቤ ይዘው በየአውራጃው ይዞሩ ነበር። ባላባት ነኝ ባዩ ሁሉ የርስት ደብዳቤውንና ማኅተሙን ይዞ ይቀርባል። ማስረጃ ያጣ ሰው «ይህ ሰው ባላባት አይደለም፤ ጋሻውም የራሱ አይደለም» ተብሎ በገበያ ከተማ ይታወጅበታል። ቀላል ውርደት አይደለም።

ታዲያ ሰር ሪቻርድ የዚያው የሰር ጆን የአክስት ባል ነበር። ሚስቱ ኤልዛቤጥ የሊዲያርዱ የኒኮላስ ሲንጅን ልጅ ናት። እኛ መዝገብ ያዦች እንደመሆናችን እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ ብለናል። ለአማቾቹ ዘር የሚቆጥር ሰው ሐረጉን አሳጥሮ ሲያቀርብ አልታየም። የታላቁን ነገር እውነትነት ግን አንክድም፤ ሰውየው ሥራውን ያውቅ ነበር።

ደግሞስ ለምን በ1615? ነገሩ የሚገባን ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ስናውቅ ነው። በ1611 ንጉሥ ጄምስ ገንዘብ ስለ ቸገረው ባሮኔት የሚባል አዲስ ማዕረግ አቋቋመ። ዋጋው 1,095 ፓውንድ ነበር፤ ምክንያቱም አየርላንድ ውስጥ 30 ወታደሮችን ለሦስት ዓመት ለማኖር የሚበቃ ተብሎ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ይኸው ሰር ጆን ነው። እንግዲህ ማዕረጉ ገና እርጥብ ነበር። አዲስ ማዕረግ የያዘ ሰው አሮጌ ሥር መኖሩን ማሳየት ይፈልጋል፤ ሳንቃው የተሠራው ለወላጆች መታሰቢያ ነው ቢባልም ለራሱም ለሰር ጆን መቆሚያ ነበር። በሥዕሉ ላይ ከሞቱት ይልቅ ፊት ለፊት የሚያየን እሱ ነው።

ሰር ጆን በሳንቃው አልበቃውም። በ1634 ገና በሕይወት ሳለ የራሱን ሐውልት አሠራ። ባለ ዓምድና ባለ ጣሪያ የሆነ፣ አንዲት ትንሽ ቤት የሚያህል ነገር ነው። በመካከል ሰር ጆን ተጋድሟል፤ በግራና በቀኙ ሁለቱ ሚስቶቹ አሉ። የፊተኛዋ አን ሌይተን ናት፤ ሁለተኛዋ ማርጋሬት ዊትሞር። ሁለተኛዋ ያን ጊዜ አልሞተችም፤ የሞተችው በ1637 ነው። ቤተ ክርስቲያን በመጣች ቁጥር ራሷን ተጋድማ ታይ ነበር ማለት ነው። ምን ይሰማት እንደነበር እግዜር ይወቅ።

አን ሌይተን ግን ትለያለች። በደረቷ ላይ ሕፃን አቅፋለች። በ1628 የሞተችው አሥራ ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ነው። በሐውልቱ ዙሪያ የልጆቻቸው ምስሎች አሉ። እኛ በዚህ ሁሉ ጋሻና ወርቅ መካከል ቆም ያልነው እዚህ ላይ ነው። ጠራቢው ዓምዱን ሲሠራ የባሮኔትን ትእዛዝ ፈጽሟል፤ ይህችን ሴትና ሕፃኑን ሲሠራ ግን በየቤቱ የሚታወቀውን ነገር ነው የሠራው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው ይህን ሲያዩ እንደ እሷ የሞተችባቸው ስንት የገበሬ ባሎች ይኖሩ ነበር! የእነሱ ሚስቶች በደጅ ናቸው፤ በላያቸው ድንጋይ የለም።

እስኪ አሁን ወደ ሳንቃው እንመለስና ስድስቱን እኅቶች እንያቸው። በሥዕሉ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልብሳቸው የከበረ፣ ፊታቸው ጭምት ነው። የዘር ቆጣሪው ስለ እነሱ ያለው ነገር ማንን እንዳገቡ ብቻ ነው። ግን ዘራቸውን በሴት ወገን ብንከተል ምን እናገኛለን?

አንዷ ባርባራ ናት። ኤድዋርድ ቪሊየርስ የሚባል ሰው አገባች። የልጅ ልጇ በ1640 የተወለደችው ባርባራ ቪሊየርስ ናት፤ የንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ዕቁባት ሆና ልጆች የወለደችለት፣ ዛሬ ድረስ የመሳፍንት ቤቶች ከእሷ የሚቆጠሩላት። ሌላዋ እኅት ሉሲ ናት። የለንደንን ግንብ እስር ቤት የሚጠብቀውን አለን አፕስሊን አግብታ ሉሲ የምትባል ልጅ በዚያው በግንቡ ውስጥ በ1620 ወለደች። ይህች ልጅ አድጋ ኮሎኔል ጆን ሀችንሰንን አገባች። ኮሎኔሉ በ1649 በንጉሥ ቻርልስ አንደኛ ላይ የሞት ፍርድ ከፈረሙት አንዱ ነው። አሁን ነገሩ ታያችሁ? ጎን ለጎን ከቆሙት ከሁለት እኅትማማቾች፣ የአንዷ ልጅ የንጉሡን አባት ያስገደለ ሰው ሚስት ሆነች፤ የሌላዋ የልጅ ልጅ የተገደለው ንጉሥ ልጅ ወዳጅ ሆነች። ሐረጉን የጻፈው ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ግን ሁሉም የሚያልፈው እሱ በአጭሩ ባለፋቸው ሴቶች በኩል ነው።

ልጅቱ ሉሲ ሀችንሰን ጸሐፊ ነበረች። ባሏ በ1664 በእስር ቤት ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጻፈች፤ ስለ እናቷም ጽፋለች። መጽሐፉ የታተመው በ1806 ነው። እናትየዋ በሳንቃው ላይ አፏን ዘግታ ቆማለች፤ ሰው የሚያደርጋት ግን የልጇ ጽሑፍ ነው። ከድንጋይና ከእንጨት ይልቅ ቀለም ይሻላል ለሚሉት ወገኖቻችን ይህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸዋል።

ከስድስቱ ሦስተኛዋን ደግሞ እናንሣ። ካትሪን ትባላለች። ባሏ ሰር ጃይልስ ሞምፐሰን ነው። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሁለቱም ሐውልት አለ፤ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሷ በ1633 ሞተች። ሐውልቱን የሚያይ ሰው «እንዴት ያሉ የተከበሩ ሰዎች ናቸው!» ይላል። ይህ ሰር ጃይልስ ግን ለእንግዳ ማደሪያ ቤቶች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ከንጉሡ ተቀብሎ በባለ ማደሪያዎቹ ላይ ያደረገው ግፍ አገር ስላስመረረ በ1621 በፓርላማ ተከሰሰ፤ ሸሽቶ ፈረንሳይ ገባ፤ «ሰር» የሚለው ማዕረጉም ተገፈፈ። በሐውልቱ ፊት የሚቆም እንግዳ ይህን ነገር ከድንጋዩ አያገኘውም። የሚያገኘው ከፓርላማው መዝገብ ነው።

ቀጥለን ወደ ወርቁ ሰው እንሂድ። ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የጦር ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ከድንኳን ሲወጣ ይታያል፤ ሁለት አሽከሮች የድንኳኑን መጋረጃ ከዚህና ከዚያ ይዘውለታል። ሁለመናው በወርቅ ቅብ ያብረቀርቃል። ከእግሩ በታች ፈረሰኞቹን እየመራ ሲዘምት ተቀርጿል። ይህ ሻምበል ኤድዋርድ ሲንጅን ነው፤ የዚያው የሰር ጆን ልጅ።

በ1642 በእንግሊዝ አገር ንጉሡና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ። የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። ከሰር ጆን ልጆች ሦስቱ በንጉሡ ወገን ተሰልፈው ሞቱ። ኤድዋርድ በ1644 በኒውበሪ ጦርነት ላይ ቆስሎ በ1645 አረፈ። አባትየው ሦስት ወንዶች ልጆች ከሰጠ በኋላ እሱም በ1648 ሞተ፤ ንጉሡ በመጥረቢያ የተቀላው በዓመቱ ነው።

ይሁን እንጂ ከቀሩት ልጆች አንዱ ዋልተር ልቡ ከፓርላማው ወገን ነበር። ሚስት ያገባውም ከዚያው ወገን ነው። ሚስቱ ጆሃና የዋናው ዳኛ የኦሊቨር ሲንጅን ልጅ ናት፤ ይህ ዳኛ የክሮምዌል ቅርብ ሰው ነበር፤ ዘሩም ከዚያችው ከጥንቷ ማርጋሬት ይቆጠራል። እንግዲህ የአንዲት አያት ዘር በሁለቱም ሰፈር ነበረ። ለንጉሡ የሞቱት ወንድሞች ርስት በኋላ በማን እጅ ገባ? በዋልተር እጅ። ቤቱን ያቆመው እሱ ነው፤ እስከ 1708 ኖረ። በ1700 በባተርሲ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት አቁሟል።

በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የወርቁ ሰው ቆሟል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። በዚያ ሰፈር በሁለቱም ወገን የተሰለፉ የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ለእነሱ የወርቅ ቅብ የቀባላቸው የለም። ወንድማማቾች ተከፋፍለው በነበሩበት ቤት ውስጥም የእራት ገበታው ላይ ምን ይባል እንደነበረ ድንጋዩ አይነግረንም። እኛ በዕድሜአችን ያየነውን አይተናል፤ አንድ እናት አንዱን ልጇን በአንድ ወገን፣ ሌላውን በሌላው ወገን ስታለቅስ ምን እንደሚመስል የሚነግረን አያስፈልገንም። ለአባትየው ግን አንፈርድበትም። የሞተውን ልጁን ሲያቆመው እንዲወጣ አድርጎ ነው ያቆመው፤ ተጋድሞ አይደለም። አባት የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እስካሁን ያየነው ድንጋይ ዝም ሲል ነው። ዝም ከማለት አልፎ በሐሰት የሚመሰክርበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ከሊዲያርድ ለአንድ አፍታ ወጥተን ወደ ሌስተርሸር አውራጃ፣ ቦትስፈርድ ወደምትባል መንደር እንሂድ። እዚያም በአንዲት አጥቢያ ውስጥ የሩትላንድ መሳፍንት የሆኑት የማነርስ ቤተሰብ ተደርድረዋል፤ ስምንት መሳፍንት በአንድ መቅደስ ዙሪያ። ቄሱ በሐውልት መካከል ተሹለክልኮ ነው የሚቀድሰው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከእነሱ አንዱ በ1632 የሞተው ስድስተኛው መስፍን ፍራንሲስ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ሞተውበታል። በሐውልቱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ልጆቹ በክፉ ሥራና በጥንቆላ እንደ ሞቱ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ልጅ በ1613 ሞተ። ከመስፍኑ ግንብ ሥራ የተባረሩ ጆን ፍላወር የምትባል እናትና ሁለት ሴቶች ልጆቿ አስጠንቁለው ነው ተባለ። እናትየዋ ለፍርድ ሳትቀርብ ሞተች። ልጆቿ ማርጋሬትና ፊሊፓ በ1619 በሊንከን ከተማ ተሰቀሉ። ሁለተኛው የመስፍኑ ልጅ የሞተው መቼ ይመስላችኋል? በ1620። አስጠነቆሉት የተባሉት ሴቶች ከተሰቀሉ ከዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን የምናውቀው ቀኑ በመዝገብ ስላለ ነው። ድንጋዩ ግን ከዚያ ወዲህ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ያንኑ ክስ እያነበበ ቆሟል። የተሰቀሉት ሴቶች መልስ የሚሰጡበት ድንጋይ የላቸውም።

ስለዚህ መዝገብ የምንለውን ነገር ትንሽ እንናገር፤ ሙያችን ስለሆነ ቅር እንዳትሉን። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል (ቀደም ብለን ከጠራነው ከኋለኛው ክሮምዌል የተለየ ነው) በየአጥቢያው ያለ ቄስ የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሁሉ በየሳምንቱ በመጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዘ። መጽሐፉም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥ፣ አንዱ ቁልፍ በቄሱ፣ ሌላው በአጥቢያው ሹማምንት እጅ እንዲሆን ተባለ። የእኛ እድር የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ለምን በተለያየ ሰው እጅ እንደሚቀመጥ በየዓመቱ ለምትጠይቁን አባላት፣ ነገሩ የቆየ ብልሃት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እንገልጻለን። ያን ጊዜ ሕዝቡ «አዲስ ግብር ሊጥሉብን ነው» ብሎ ተንጫጫ። ግን መዝገቡ ቀጠለ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ባሮኔቱም አለ፣ ገረዲቱም አለች፣ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘው ስሙ የማይታወቅ ሰውም «አንድ መንገደኛ» ተብሎ አለ። ለሁሉም የሚበቃው አንድ መስመር ነው።

ዛሬ አያቶቹን የሚፈልግ ተራ እንግሊዛዊ የሚያገኛቸው በዚያ መስመር ነው። የሲንጅን ዘር ቆጣሪ በወርቅና በቀለም የጻፈውን እንኳ የኋላ ሰዎች ሲመረምሩት ያመሳከሩት ከእንዲህ ያለው ደረቅ መዝገብ ጋር ነው።

ለድሃው መቀበሪያ ጉዳይ እንግሊዞች ያደረጉት ሌላም ነገር አለ፤ ለእድር ሰው የሚጥም ስለሆነ ብንዘለው ደስ አይለንም። በ17ኛው መቶ ዓመት የሱፍ ነጋዴው እንዲጠቀም ተብሎ ሬሣ ሁሉ በሱፍ ጨርቅ ብቻ ተገንዞ እንዲቀበር ሕግ ወጣ። በበፍታ የሚገንዝ 5 ፓውንድ ይቀጣል፤ ግማሹ ለጠቋሚው፣ ግማሹ ለአጥቢያው ድሆች። ሀብታሞቹ ምን አደረጉ? አምስቱን ፓውንድ እየከፈሉ በበፍታቸው ተቀበሩ። አንዳንዱም ብልህ ቤተሰብ ራሱ ከቤቱ ሰው ጠቋሚ አቁሞ ግማሹን መልሶ ይወስድ ነበር ይባላል። በኋላ ዘመን ደግሞ የሠራተኛው ሕዝብ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጣ የቀብር ማኅበር አቋቋመ። መንግሥትም በ1793 ለእንዲህ ዓይነት የመረዳጃ ማኅበራት ሕግ አወጣ። በድሃ ቀብር መቀበር፣ ማለትም አጥቢያው በሰጠው ሣጥን ያለ አጃቢ መሄድ፣ ለእነሱም ከሞት ይብስ ነበር። ሐውልት አላሠሩም። ያሠሩት ደህና ሣጥንና አልቃሽ ነው። ከእኛ ጋር የሚያመሳስላቸው ይኸው ነው።

የሲንጅን ቤትስ ምን ሆነ? ከዋልተር የልጅ ልጆች አንዱ ቦሊንግብሮክ የሚባለው ታላቅ ፖለቲከኛ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ በዕዳና በስንፍና እየሳሳ ሄደ። መሬቱ ተሸጠ፤ ሥዕሉና ዕቃው ተበተነ። በ1943 የስዊንደን ከተማ አስተዳደር ሊፈርስ የደረሰውን ቤትና መናፈሻውን ገዛው። ቤተሰቡ ሄደ፤ ሐውልቶቹ ቀሩ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ መጣ። ሐውልት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ርጥበት ይገባዋል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ባለቤቱ ከጠፋ ማን ይጠግነው? በሊዲያርድ ያነሡት ጎረቤቶች ናቸው። በ1967 የሊዲያርድ ወዳጆች የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ መዋጮ እየሰበሰበ፣ እንደ እኛው በየዓመቱ መጽሔት እያተመ፣ የተበተነውን የቤተሰብ ታሪክ ለቃቀመ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኛዎቹ የሲንጅን ዘመድ አይደሉም። ምናልባትም የአንዳንዶቹ አያቶች በደጅ ካሉት፣ ድንጋይ ከሌላቸው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። የጌታውን መቃብር የጠገነው የአሽከሩ የልጅ ልጅ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥያቄ እንመለስ። የሐውልቱን ገንዘብ ጉዳይ የሚወስነው ጉባኤው ነው፤ እኛ በድምፃችን እንደ አንድ አባል እንገባበታለን እንጂ ከዚህ አንወስንም። እንዲወሰን የምንፈልገው ግን አንድ ሌላ ነገር አለ። የእድራችንን መዝገብ ስታዩት የሚጻፈው የአባሉ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የቤት ቁጥርና የከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው። ሚስት የምትጻፈው «ባለቤቱ» ተብላ ነው። እናቱ ጭራሽ የለችም። ከዓመታት በፊት የሞቱ መሥራች አባሎቻችን ከየት አገር እንደ መጡ፣ እናታቸው ማን እንደምትባል ልጆቻቸው መጥተው ሲጠይቁን መዝገቡን ገልጠን የምናሳያቸው የወር መዋጮ ነው።

ስለዚህ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምዶች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቅርበናል፦ የእናት ስም፣ የባለቤት ሙሉ ስም ከነአባቷ፣ የትውልድ አገር። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የቆዩትን አባላት በየቤቱ እየዞሩ ለመጠየቅ አራት ወጣቶች ተስማምተውልናል። ጉባኤው ከፈቀደ የሚጀምሩት በዕድሜ ከገፉት፣ በተለይም ከእናቶች ነው፤ ወጣቶቹ ሲመጡ ቡና ባታፈሉም ስማችሁን አትከልክሏቸው።

ጥያቄ ያለው አባል እጁን ያንሣ።